ለኛሙዎን ሰርግ የተመረጡ ሸክላዎች

ጋምቤላ፣ ኅዳር 9 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለጋሼ ወንዳፈረው፤

ሰላምታዬ ከባሮ ዳር ይድረስዎ። ሙቀቱን ለመድሽው ወይ ብለው ለጠየቁኝ፣ አልለመድኩትም፤ መማረሩን ግን ትቻለሁ። ሆስፒታሉ ሥራ አያሳጣኝም፣ ጤናዬም ደህና ነው።

ካሴቱ ደርሶኛል። ምን እንደሆነ ሳልደብቅ እንድጽፍልዎ ስላዘዙኝ አይቀየሙኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሠራተኞች ክበብ ሞከርነው። ሞንታርቦውን በረንዳ ላይ አውጥተን፣ ወንበሮቹን ዳር አስይዘን ከፈትኩት። ሰው ሁሉ ጸጥ አለ፤ እኔም ደስ አለኝ። ሁለተኛው ሲጫወትም ጸጥ እንዳሉ ናቸው። ሦስተኛው ላይ አንድ የግብርና ባለሙያ ተነሣና እጁን አጣምሮ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሊጨፍር ነው ስል፣ "ሲስተር፣ ይሄ የየትኛው አገር መዝሙር ነው?" አለኝ።

"ለምን ቃል የሌለው ሙዚቃ? ደግሞስ ለምን የአሜሪካኖች የድሮ ባንድ?" ላሉት፣ ባለፈው በችኮላ ስለጻፍኩ ነገሩን ሳላስረዳዎ ቀርቻለሁ። ኛሙዎን አብራኝ የምትሠራ አዋላጅ ናት፣ ኑዌር ናት። ኦቻን የላቦራቶሪ ቴክኒሻናችን ነው፣ አኙዋክ ነው። ጥር መጨረሻ ላይ ይጋባሉ። ይህ በአሁኑ ጊዜ እዚህ ቀላል ነገር አይደለም። ጋምቤላ ክልል ከሆነች ወዲህ ወንበር ሁሉ የማን ነው ይባላል፤ የሹመቱ ብቻ ሳይሆን የሻይ ቤቱም ጭምር። የጥሎሹ፣ የከብቱና የጨሌው ጉዳይ በሽማግሌዎች አልቋል። የቀረው ዘፈን ነው። የኦቻን ዘመዶች የኑዌር ከበሮ ቀድሞ ከተመታ ከወንበራችን አንነሣም አሉ። የኛሙዎን አጎት አቶ ቦት ደግሞ የአኙዋክ ከቀደመ ጭራሽ አዳራሹ ውስጥ አልገባም አሉ። እኔ ታዲያ የአማርኛ ይሁን ብል፣ ሁለቱ ወገኖች ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ፤ "የደገኛ አንፈልግም" ብለው።

ያኔ ነው እርስዎ ቤት ሳድግ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የምንሰማው ሙዚቃ ትዝ ያለኝ። የማንም ቋንቋ የለበትም። መጀመሪያ በእሱ ይጨፈር፣ ከበሮዎቹ በኋላ በተራ ይምጡ ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ፤ ሌላ የተሻለ ያመጣ ስለሌለ ተቀበሉኝ። አሁን ሁሉም የሚጠብቀው እኔን ነው።

እርስዎ ሳክስፎን ይነፉበት የነበረው ባንድ ሸክላዎች ከበሮ መቺው ጋሽ ልዑልቃል ዘንድ ናቸው ብለውኝ ነበር። በባንዱ ጊዜ ለጭፈራ የሚሆነውን ይመርጡ የነበሩት እሳቸው አይደሉም? ቢያነጋግሩልኝ።

ልጅዎ አባይነሽ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 26 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለልጄ ለአባይነሽ፤

የግብርናውን ሰው ነገር ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ሰውዬው አልተሳሳተም። እኔ የላክሁልሽ እኛ ሳክስፎን ነፊዎች ከንፈራችን እስኪያብጥ የተለማመድነውን፣ ስንጫወተው የምንኮራበትን ነው። ለጆሮ የተሠራ ነው። ለእግር የተሠራው ሌላ ነው፤ ያንን እኔ ብዙም አላውቀውም፣ ስንጫወት ዓይኔ ከኖታው ላይ ተነሥቶ አያውቅምና።

የጻፍሽውን ሁሉ አንብቤ ነገሩ ገብቶኛል። ስለዚህ ደግሜ ሞክሬአለሁ። አንድ ጓደኛዬ ዘንድ ጥቂት አሮጌ ሸክላ አግኝቼ ከእነሱ ቀድቼልሻለሁ። ትልልቅ ባንድ ሁሉ አንድ እንዳይመስልሽ። ክላርኔቱ ብቻውን ብዙ ከተንጎራደደ ጨፋሪው የሚረግጠው ይጠፋዋል። ጡሩምባዎቹ ሁሉ ባንዴ ከጮኹ ደግሞ በእናንተ ሞንታርቦ የሚሰማው ጩኸቱ ብቻ ነው። ከሥር ቤዙ እንደሚራመድ ሰው ዱብ ዱብ ሲል የሚሰማበትን ነው የፈለግሁት። ከቀዳሁት ውስጥ ሁለቱ ለጭፈራ የሚሆኑ ይመስለኛል።

ካሴቱን ፀሐይ ላይ አታኑሪው። የክበቡ ሰዎች ጭፈራ ምን እንደሚመስል፣ እግራቸው ወዴት እንደሚሄድ ጻፊልኝ።

ልዑልቃል ደህና ነው።

አጎትሽ ወንዳፈረው


ጋምቤላ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለጋሼ፤

በየዓመቱ በዚህ ወር የሚይዝዎ ጉንፋን እንደለቀቀዎ ተስፋ አደርጋለሁ። ባይለቅዎትም እንደማይነግሩኝ አውቃለሁ።

እግራቸው ወዴት ይሄዳል ላሉኝ፤ እንደ እኔ ዓይን የኑዌር ልጆች ወደ ላይ ናቸው፣ ቀጥ ብለው ይዘላሉ። አኙዋኮቹ ጉልበታቸውን ሸብረክ አድርገው መሬቱን የሚያዳምጡ ይመስላሉ። እኛ ደገኞቹ ከወገብ በላይ ነን። ለእነዚህ ሁሉ አንድ ሙዚቃ ማግኘት እንዴት እንደሚሆን እንጃ።

አዲሱን ካሴት ቤቴ በረንዳ ላይ ስሞክር ግን አንድ ነገር ሆነ። የኦቻን አክስት ወይዘሮ አጅዋንግ ጎረቤቴ ናቸው። ዓሣ ሊሰጡኝ መጥተው ደጃፍ ላይ ቆሙ። ቆመው ሲቀሩ ቀና ብዬ አየሁ፤ ሰውነታቸው ጸጥ ብሎ እግራቸው ብቻ ይሄዳል።

"ይህን ያውቁታል?" አልኳቸው።

"አውቃለሁ። ልጅ ሆኜ፣ መርከብ ከሱዳን ሲመጣ። የግሪክ ነጋዴ ቤት ልብስ አጥብ ነበር። እነሱ በረንዳ ላይ ይጨፍራሉ፣ እኔና እህቴ ጓሮ ውስጥ።"

ዓሣውን አስቀምጠው እጄን ያዙኝና አሳዩኝ። "ሂጂ። ተመለሺ። አሁን ዙሪ።" እኔ እግሬ ተጠላለፈ፤ እሳቸው በዚያ ዕድሜያቸው እንደ ውሃ ናቸው። ሁለቱን ሙዚቃ ሰምተው ሲጨርሱ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ጥሩ ነው። ግን ይሮጣል። ሰርግ የሚመጣ ሰው ሯጭ አይደለም።"

ስለዚህ ጋሼ፣ ቀስ የሚል እንፈልጋለን፤ እንቅልፍ ግን የማያመጣ። መርጦ የሚያውቅ ሰው ያስፈልገናል። ጋሽ ልዑልቃል ደህና ነው ብለው በአንድ መስመር አልፈውታል። እርስዎ በአንድ መስመር የሚያልፉት ነገር ደህና ሆኖ አያውቅም። ምን ሆነው ነው?

አባይነሽ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 1986 ዓ.ም.

ልጄ፤

ደብዳቤሽ በሳምንቱ ደርሶኛል፤ መልሴ የዘገየው የገና ሰሞን ስለሆነ አይደለም። እንዴት እንደምጽፈው ሳስብ ነው።

የልዑልቃልን ልጅ ያዕቆብን ታስታውሺዋለሽ። ቤታችን ሲመጣ የሳክስፎኔን ሳጥን እንደ ከበሮ እየደበደበ የሚያበሽቀኝ ልጅ። ሰሜን ዘምቶ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ የዘመቱት ሲመለሱ አባቱ በየመጠለያው እየሄደ ጠየቀ። መርዶው የመጣው ዘግይቶ ነው። ያን ጊዜ አንቺ ጋምቤላ የመጀመሪያ ሥራሽን ጀምረሽ ነበርና አልነገርኩሽም። ወጣት ነሽ፣ ሩቅ አገር ነሽ፣ ምን ይጠቅማታል ብዬ ነው።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ሬዲዮ እንኳን አይከፈትም። ባንዱ ሲበተን በኃላፊዎቹ ፈቃድ ቤቱ ያስቀመጣቸው ሸክላዎች ሳሎን ጥግ በሳጥን ናቸው፣ ጥቁር ጨርቅ ተጥሎባቸዋል። ሚስቱ ወይዘሮ አልማዜ የሐዘን ልብሷን አላወለቀችም። እኔ አልፎ አልፎ እሄዳለሁ። ስለ አየሩ እናወራለን፣ ስለ ጡረታችን እናወራለን፣ ሻይ ጠጥቼ እወጣለሁ።

እንደዚህ ያለ ቤት ገብቼ የሰርግ ሙዚቃ ስጠኝ ልበለው? አንቺ በእኔ ቦታ ብትሆኚ ትይው ነበር?

ወንዳፈረው


ጋምቤላ፣ ጥር 8 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለጋሼ፤

አልለውም ነበር። እርስዎም እንዳይሉት እለምንዎታለሁ። ደብዳቤዎን ካነበብኩ ጀምሮ ያዕቆብ ዓይኔ ላይ ነው። ባለማወቅ ደጋግሜ ስለጠየቅሁዎት ይቅር ይበሉኝ።

ደግሞም አሁን አያስቸኩልም። ከታኅሣሡ ደብዳቤ በኋላ በላክሁልዎ አጭር ወረቀት ካሴቱ ቢዘገይም ግድ የለም ያልኩት ለምን እንደሆነ መጠየቅዎ አልቀረም፤ እኔም እንደ እርስዎ ደብቄ ነበር። ሰርጉ ተላልፏል። በኢታንግ መንገድ ባለች አንዲት ቀበሌ የሁለቱ ወገን ወጣቶች ተጣልተው፣ የአቶ ቦት ልጅና የኦቻን አጎት ልጅ ቆስለው ወደ እኛ መጡ። አልጋ ስለሌለ አንድ ክፍል ውስጥ ተኙ። ኛሙዎን የቁስላቸውን ፋሻ የምትቀይረው በተራ ነው፤ አንዱን አስቀደመች እንዳይባል አንድ ቀን ከበሩ፣ አንድ ቀን ከመስኮቱ ትጀምራለች። ዘመዶቻቸው ምግብ ይዘው ይመጡና ከበረንዳው ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ። አይሰዳደቡም። አይተያዩም።

አቶ ቦት ለኦቻን፣ "አንተን አልጠላሁም። ልጄ ተኝቶ ግን ከበሮ አልሰማም" አሉት። ማታ ላይ ኛሙዎን ቀሚሷን አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ ስትከት አየኋት። ትተሽው ነው ወይ አልኳት። "አቧራ እንዳይነካው ነው" አለችኝ።

ልጆቹ ግን እየዳኑ ነው። ሰርጉ ይሁን አይሁን ገና አይታወቅም። እርስዎ ጋሽ ልዑልቃልን በአየሩ ወሬ ያጽናኑልኝ።

አባይነሽ


አዲስ አበባ፣ ጥር 20 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለልጄ፤

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ልዑልቃል ቤት ከሄድኩ በኋላ ነው። የጥምቀት ማግስት ሄጃለሁ። አትቆጪኝ።

ስለ አየሩ አውርተን ጨረስን። ሻዩም አለቀ። መነሣት ሲገባኝ ተቀመጥኩ። ልዑልቃል አየኝና፣ "ምን ሆነሃል?" አለኝ።

"አባይነሽ ሰርግ አለባት" አልኩት። የራስሽ እንዳይመስለው ቶሎ ብዬ ነገሩን ዘረዘርኩለት፤ ከወንበሩ፣ ከከበሮው፣ "የደገኛ አንፈልግም" እስከተባለው ድረስ። ፊቱ አልተለወጠም።

"እነዚህ ሰዎች ይጣላሉ ሲባል እሰማለሁ" አለ።

"ሁለቱ ልጆች አልተጣሉም።"

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔም ስህተት ሠራሁ ብዬ ኮፍያዬን አነሣሁ። ያን ጊዜ አልማዜ ከጓዳ ወጥታ ጥቁሩን ጨርቅ ከሳጥኑ ላይ ገፈፈችና አጣጥፋ ክንዷ ላይ አደረገችው። ልዑልቃል እሷን አየ፣ እኔን አየ።

"እዚህ አይከፈትም" አለ።

"አይከፈትም" አልኩት።

ሳጥኑን ወደ መስኮቱ ጎተተው። እንዴት እንደመረጠ ልንገርሽ። አንድ በአንድ እያወጣ፣ በሸሚዙ ጠርጎ፣ ወደ ብርሃኑ ያዘነብለዋል። ሸክላ ላይ ጩኸት የበዛበት ቦታ መስመሩ ይነጣል፣ ጸጥ ያለው ይጠቁራል። ከበሮው እኩል የሚሄድበት ደግሞ እንደ ጥሩ እርሻ ትልም ነው፤ ዓይን ሲያየው አይደናቀፍም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሙዚቀኛ ነበርኩ፣ ይህን አላውቅም ነበር። ያለ ድምፅ፣ በዓይኑ ብቻ ሁለት ክምር አደረገ። አብዛኛው እኔ የምወደው ሙዚቃ "አይሆንም" ከሚለው ክምር ውስጥ ነው የገባው። ሽፋናቸው የጠፋውን በባንዱ ጊዜ ባወጣንላቸው ስም ነው የሚጠራቸው፤ "ጥርስ ማውለቂያን ውሰድልኝ፣ ሰው ያስፈራል። ሰፌድን አምጣ።" ሰፌድ ያልነው ከበሮው በሽቦ መጥረጊያ ስለሚመታ፣ ጤፍ ሲበጠር ስለሚመስል ነው።

ጓደኛዬ ቤት ወስጄ ቀዳኋቸው። ቅደም ተከተሉ በልዑልቃል ትእዛዝ ነው። የነገረኝን እንዳለ እጽፍልሻለሁ፤ "ሰፌድ መጀመሪያ ይሁን። ማንም አይነሣም፤ አትደንግጥ፣ ድምፁንም አትጨምር። ሰው ከወንበሩ የማይነሣው ሙዚቃውን ስለጠላ አይደለም፣ መጀመሪያ መነሣት ስለሚያሳፍር ነው። ሰፌድ ሲያልቅ ዝምታ አታስገባ፣ ቶሎ ሁለተኛውን አስከትል። እሱ ለእርምጃ ነው፤ መራመድ የሚችል ሁሉ ይችለዋል። ላብ ሲያወጡ ብቻ ፈጣኑን ስጣቸው፣ ከዚያ መልሰህ አቀዝቅዝላቸው። ፊታቸውን አትይ። እግራቸውን እይ።"

ሰርጉ ከቀረ ካሴቱን አንቺው ስሚው። ካልቀረ ግን እንዳለው አድርጊ።

ወንዳፈረው


ጋምቤላ፣ የካቲት 21 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለጋሼ፤ ይህን ደብዳቤ ለጋሽ ልዑልቃልም እንዲያነቡላቸው እፈልጋለሁ። ነገ በአውሮፕላን የሚሄድ ሐኪም አለና ቶሎ እንዲደርስዎ በእሱ ልኬዋለሁ።

ሰርጉ ቅዳሜ ተደረገ። የአቶ ቦት ልጅ ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ መጣ፤ አባቱ የተስማሙት እሱ ራሱ "እኔን ሰበብ አታድርጉኝ" ካላቸው በኋላ ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ፀሐይዋ ዘንበል ስትል አዳራሹ ሞላ። አኙዋኮቹ በባሮ በኩል፣ ኑዌሮቹ በመንገዱ በኩል። እኛ ደገኞቹ በሩ አጠገብ፣ ነገር ቢመጣ ለመውጣት የሚመች ቦታ ላይ።

ሰፌድን ከፈትኩ። ማንም አልተነሣም። እጄ ድምፅ መጨመሪያው ላይ ነበር፤ ጋሽ ልዑልቃልን አስቤ አነሣሁት። እግራቸውን አየሁ። ግራም ቀኝም ጫማዎች መሬቱን መታ መታ ያደርጋሉ፣ ባለቤቶቻቸው ግን የማያውቁ መስለው ተቀምጠዋል። ሰፌድ አለቀ፤ ሁለተኛውን አስከተልኩ።

ያን ጊዜ ወይዘሮ አጅዋንግ ተነሡ። የባሮውን ወገን ትተው አዳራሹን አቋርጠው ሄዱና አቶ ቦት ፊት ቆሙ። አቶ ቦት ረጅም ናቸው፤ ተቀምጠው እንኳን ከቆሙት ሴትዮ ጋር እኩል ይሆናሉ።

"እኔ አልችልም" አሏቸው አቶ ቦት።

"እኔ እችላለሁ። አንተ መራመድ ትችላለህ?"

"እችላለሁ።"

"እንግዲያው ተራመድ።"

ጋሼ፣ ተራመዱ። ግንባራቸውን እንደቋጠሩ፣ ሸንጎ እንደሚሄድ ሰው፣ ሄደው ተመለሱ። ወይዘሮ አጅዋንግ በክንዳቸው ሥር ሲዞሩ የኛሙዎን እናት አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ኦቻንና ኛሙዎን ተነሡ፣ ከዚያ ወጣቶቹ። ኑዌሮቹ በሙዚቃው ላይ ይዘላሉ፣ አኙዋኮቹ ሸብረክ ይላሉ፣ ማንም ማንን አላስተካከለም፤ ምቱ ሁሉንም ቻላቸው። መሃል ላይ ጄኔሬተሩ ደከመና ሙዚቃው እየተጎተተ ሄደ። ያቆማሉ ብዬ ስፈራ፣ አብረውት ቀስ አሉ። ሲመለስም አብረውት ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ከበሮዎቹ መጡ፤ በዕጣ የኑዌር ቀደመ። ሁሉም ተነሣ ብዬ አልዋሽዎትም። የተቀመጡ ነበሩ፤ ሁለት ሽማግሌዎችም ወጥተው ሄዱ። ግን የአኙዋኮቹ ወጣቶች ከተነሡበት አልተቀመጡም፣ የእነሱ ከበሮ ሲመጣም የአቶ ቦት ልጅ በአንድ እጁ ያጨበጭብ ነበር።

ኛሙዎን ለእርስዎም ለጋሽ ልዑልቃልም ሰላምታ ይድረስልኝ ብላለች። እኔም።

አባይነሽ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 26 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለልጄ ለአባይነሽ፤

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ፤ ዛሬ ጠዋት ይዤው ሄድኩ። እንዳልሽው አነበብኩለት። አልማዜ በሩ ላይ ቆማ ሰማች። ልዑልቃል ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ የተኛ መስሎኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሳነብ "ጮክ በል" አለኝ። አቶ ቦት የተራመዱበትን ደግሞ አስነበበኝ። ጄኔሬተሩ የደከመበትንም እንዲሁ።

"አብረውት ቀስ አሉ ነው የምትለው?"

"እንደዚያ ነው የምትለው።"

"ጥሩ ጨፋሪዎች ናቸው" አለ።

ከዚያ ተነሥቶ ወደ ጓዳ ገባ። ሲመለስ የሸክላ ማጫወቻውን በሁለት እጁ አቅፎ ነው። አቧራውን ጠርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ መርፌውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ሰፌድን ከሳጥኑ አወጣና፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ሳያዘነብል፣ ማጫወቻው ላይ አስቀመጠው።

ድምፁ ሲወጣ አልማዜ ጀርባዋን ሰጠችን። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ልዑልቃልም አለቀሰ፤ እንደ ድሮው በጣቱ ጭኑን እየመታ ነው ያለቀሰው። ሙዚቃው አጭር ነው። ሲያልቅ መርፌውን መልሶ ከመጀመሪያው አስቀመጠና ወደ በሩ ሄዶ አልማዜ አጠገብ ቆመ። እጁን ዘረጋላት።

ሰውዬው ዕድሜውን ሁሉ ከበሮ ጀርባ ተቀምጦ የአገሩን ሰው ሲያስጨፍር፣ ከሚስቱ ጋር አንድ ቀን ጨፍሮ አያውቅም። አልማዜ እጁን አየች።

"አንተ እኮ መጨፈር አትችልም" አለችው።

"እግር ሳይ ነው የኖርኩት" አላት።

ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ሄዱ፣ ተመለሱ። ሲዞሩ ሳጥኑ እንዳያደናቅፋቸው ብዬ በእግሬ ወደ ግድግዳው ገፋሁት።

አጎትሽ ወንዳፈረው